የቻፕሊን የወታደር ኮሜዲ ለሰፈራችን ተመልካች ይስማማል?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሆጤ አካባቢ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሆነን ማታ ማታ ፊልም እናሳያለን። ለቀጣዩ ዝግጅት ቻርሊ ቻፕሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 የሠራውን «ሾልደር አርምስ» መርጠናል፤ እጅና እግሩ አልታዘዝ ስላለው ምልምል ወታደር የሚተርክ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ሆኖም ከተመልካቾቻችን መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮችና በ2014ቱ ጦርነት ዘመድ ያጡ ቤተሰቦች ስላሉ፣ በወታደር መሳቃችን ቅር እንዳያሰኛቸው ሰግቻለሁ። ያያችሁት ብትመክሩኝ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ቻፕሊንንም በጦርነት መቀለድ አደገኛ ነው ብለው የመከሩት ነበሩ፤ ፊልሙ በጥቅምት ወር ሲወጣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀረው ነበርና። ያም ሆኖ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች ሳይቀሩ ወደዱት። ምሽጉ በውሃ ተጥለቅልቆ ሳለ ቻርሊ የራሰውን ትራሱን ደልደል አድርጎ ሲተኛ፣ በኋላም በግራሞፎን ቀንድ እየተነፈሰ ውሃ ውስጥ ሲያንቀላፋ ስታዪ፣ የተሣቀው በማን ላይ እንደሆነ ይገባሻል።

መልስ፣ ከደሴ፦
ልጄ፣ እኔም ጡረተኛ ወታደር ነኝ። ካይዘሩን፣ ማለትም የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት፣ የሚማርክበት ክፍል እምብዛም አልማረከኝም፤ የደብዳቤው ግን ከልቤ አልወጣም። ለጓደኞቹ ሁሉ ፖስታ ሲታደል ለእርሱ የመጣ የለም። ስለዚህ ከአንዱ ወታደር ትከሻ በላይ አጮልቆ የሰውየውን ደብዳቤ አብሮ ያነባል፤ ባለቤቱ ፈገግ ሲል እርሱም ፈገግ ይላል፣ ሲከፋው አብሮት ይከፋል። ግንባር የከረመ ሰው በዚህ አይቀየምም። ብቻ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን አናግሩ፤ በሰፈሩ ገና ሐዘን ላይ ያለ ቤት ካለም ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ በፊልሙ መካከል የሚመጡትን ጽሑፎች አንድ ሰው በአማርኛ ጮክ ብሎ ቢያነብ መልካም መሆኑን ነው። 13 ጀርመኖችን ብቻህን እንዴት ማረክህ ተብሎ ሲጠየቅ «ከበብኳቸው» የሚለው መልስ፣ አንባቢው ቸኩሎ ካወጣው ቀልዱ ይበላሻል። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ካይዘሩ ከተማረከ በኋላም መብራት አታብሩ፣ ቻርሊ በሥልጠና ሠፈሩ ድንኳን ውስጥ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስበት ትዕይንት ይቀራል።