«መጨረሻው ባጃጅ ነው» ስለተባለው

የአቶቴዋ፦
ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ «ቋንቋና ታሪክ ያጠና ልጅ መጨረሻው ባጃጅ ነው፤ ወላጅ በከንቱ አይልፋ» ተብሎ ተጽፎ አደረ። የተቃወመ ሰው የለም። የ12ኛ ክፍል ውጤቱን የያዘ ልጅ ይህን አንብቦ ነው ነገ ምርጫ የሚሞላው። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ምሩቅ የለም? የአካውንቲንግስ? ታዲያ «መጨረሻው» የሚለው ቃል ለእነዚህ ብቻ ለምን ተመረጠ?

አሞራ ገደል፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ እህቴ፣ አላፈርኩበትም። የባጃጅ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን የባለ ሦስት እግር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዲግሪ አያስፈልግም። መንግሥትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቅበላውን 70 ለ30 ሲያደርግ ሰባውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን እዩ፦ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ አይቲ፣ ነርስ። ታሪክ የሚል መደብ ስንቴ አያችሁ?

አላሙራ፦
70 ለ30 የቅበላ ምጣኔ እንጂ የቅጥር ምጣኔ አልነበረም። ከሰባው የወጡትም ያንኑ ሰሌዳ ነው የሚያነቡት።

ሰሌዳውን ካነሳህ ግን አሠራሩን እንይ። ማስታወቂያው ላይ ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት የሚል ዓምድ አለ። መዝጋቢው ዲግሪው ላይ የተጻፈውን የትምህርት ክፍል ስም ከዓምዱ ጋር ቃል በቃል ያመሳክራል። ዓምዱ «ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» ብሎ ዲግሪው «ሥነ ልሳን» ካለ፣ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ጭራ እስካልተጨመረ ድረስ ማመልከቻው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይመለሳል። የትምህርት ክፍሎች ስም ደግሞ ይቀየራል፤ ታሪክ የነበረው «ታሪክና ቅርስ አስተዳደር» ይሆናል፣ የመደቡ ዝርዝር አሮጌውን ስም ይዞ ይቀራል። እንዲህ የተመለሰውን ልጅ ነው አንተ «መጨረሻው» የምትለው። የጣለው ያጠናው ነገር ሳይሆን የዲግሪው ርዕስ ነው።

መናኸሪያ፦
አላሙራ ያለው ትክክል ነው፤ መላ ግን አለው። ከመመረቅ በፊት ከትምህርት ክፍሉ የኮርሶቹን ተመሳሳይነት የሚገልጽ ደብዳቤ በሬጅስትራር ማኅተም አስመትቶ መያዝ ነው። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ደብዳቤ ፍለጋ የሚሮጥ አይደርስም፤ ምዝገባው በጥቂት የሥራ ቀናት ይዘጋል፣ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ሌላው ወጪ መጋራት ነው። እሱ ካልተጠናቀቀ ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፤ ልጁ በጊዜያዊው ብቻ ይዞራል፣ «ዋናውን አምጣ» የሚል ቀጣሪ ሲገጥመው ይቆማል። ይህ ግን የሁሉም ትምህርት ክፍል ምሩቅ ችግር ነው።

አሞራ ገደል፦
አያችሁ? አራት ዓመት ተምሮ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን 50 አምጥቶ፣ በመጨረሻ «ስሜ ከስማችሁ ይመሳሰላል» የሚል ደብዳቤ ይለምናል። ነርስ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ትለምናለች? «መጨረሻው» ያልኩት ይህንን ነው።

ጋሽ መምህር፦
ልጆቼ፣ የት ይደርሳሉ ካላችሁ ብዙዎቹ ያሉት ክፍል ውስጥ ነው። መንገዱ ግን ቀጥታ አይደለም። ለሁለተኛ ደረጃ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ ላይ የአንድ ዓመት ፒጂዲቲ (የማስተማር ሙያ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ) ይጨመራል፤ ዲግሪ ስለያዘ ብቻ ክፍል እንደሚገባ የሚያስብ ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል። የወጪ መጋራቱንም መምህር በአገልግሎት ይከፍለዋል፣ በገንዘብ አይደለም። የግል ትምህርት ቤት የሚገባ ውሉን ሳይፈርም የክረምቱ ሁለት ወር ደመወዝ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ፤ የ10 ወር ውል አለና። አሞራ ገደል፣ አንተ ያነበብከውን ፊደል ያስቆጠረህ ማን ሆነና ነው?

አሞራ ገደል፦
ጋሼ፣ መምህርን አልነካሁም፤ ይቅርታ፣ እንደዚያ ከተሰማዎት። ግን አንድ ትምህርት ቤት ስንት የታሪክ መምህር ይፈልጋል? የሚመረቀው ስንት ነው?

የአቶቴዋ፦
ከክፍል ውጭ ያለውን ልንገርህ። እዚህ ከተማ ላይ ተቀምጦ በየወረዳው የሚካሄደውን ጥናት መረጃ የሚሰበስበው ማነው? አብዛኛው ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ቋንቋ ያጠና ነው። ሥራው ታብሌት ይዞ ኮቦ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ መንካት የሚመስላችሁ ትሳሳታላችሁ።

ገና ቅጹ ሲጀምር «የቤቱ አባላት ስንት ናቸው?» ይላል። አባል ማለት አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ነው። ሁለት ሚስት ያለው አባወራ ሁለቱን በየጎጆአቸው፣ በየድስታቸው ቢያኖር ሁለት ቤት ነው፣ አባወራው ግን አንደኛው ላይ ብቻ ይቆጠራል። ይህን ያልገባው መረጃ ሰብሳቢ «ቤተሰብህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየው ሐዋሳ የሚማረውን፣ ሞያሌ የሚነግደውን ሁሉ ይቆጥርለታል። ሰውየውም ሁለቱም ቤት ላይ ይመዘገባል። ቀጥሎ ምግብ ይመጣል። ባለፉት 24 ሰዓታት የተበላው በ12 ምድብ ይሞላል። ዋሳ ከእንሰት ነው፤ ምድቡ ሥራሥር ነው። እንደ ቂጣ ስለሚበላ እህል ላይ የሚጽፍ አለ። ያ ቤት በቆሎም በልቶ ከሆነ ሁለት ምድብ መሆን የነበረበት አንድ ሆነ። እንዲህ ያለ ስህተት በመቶ ቤት ሲደጋገም እርዳታ ለማን ይድረስ የሚለው ይዛባል። ይህን የሚያርመው የሰውን አኗኗር ያጠና ልጅ ነው፤ ታብሌቱ አያርመውም፣ ቁጥር እስከገባለት ድረስ ይቀበላል።

ታቦር፦
ትክክል። ሌላም አለ፦ ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ ይተረጎማል። መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሌላ ሰው ተርጉሞ ካላመሳከረው ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ሁለት የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ብዙ ድርጅት ይህን እርምጃ ቀን ለመቆጠብ ይዘለዋል።

አሞራ ገደል፦
ስለ ዋሳው አመሰግናለሁ፣ ቁም ነገር ነው። ግን ስንት ቀን ነው ሥራው? አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን። አበሉ ተከፈለ፣ ታብሌቱ ተመለሰ፣ አለቀ። ጡረታ የለው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው እንኳ በቀን ተቆጥሮ ይጻፋል። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ይሄ ሥራ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትርጉሙንም ቢሆን ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ሁሉ ይሠራዋል።

አላሙራ፦
«ሁለት ቋንቋ የሚችል ሁሉ»! እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ተከሳሹ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሲዳምኛ በሚሠራ ችሎት ፊት ወላይትኛ ብቻ የሚናገር ሰው ቆመ እንበል። አስተርጓሚው በመጀመሪያ መደብ፣ «እኔ» እያለ ነው መናገር ያለበት፦ ሰውየው «አላየሁም» ካለ እሱም «አላየሁም» ይላል። «አላየሁም ይላል» ማለት ከጀመረ፣ ሰውየው የሌላ ሰው ንግግር ሲያወራ መዝገቡ ላይ ማን ምን እንዳለ ይጠፋል። ማሳጠርም አይፈቀድለትም። «ሳላስበው ነካሁት» ያለውን «መታሁት» ብሎ ቢያሳጥር፣ የተነካው ሰው ሞቶ ከሆነ ክርክሩን ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ወደ 540 ሊገፋው ይችላል። የመጀመሪያው በቸልተኝነት መግደል፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሁለተኛው ሆን ብሎ መግደል፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከኮሪደር ተጠርቶ የገባ ባለሁለት ቋንቋ ይህን ይሸከም?

ታቦር፦
አላሙራ፣ ምሳሌህ አንተን ይጎዳሃል። 540 እና 543ን የማይለይ የቋንቋ ምሩቅ ምን ይጠቅማል? ይህ የሕግ ምሩቅ ሥራ ነው።

አላሙራ፦
አስተርጓሚ አንቀጽ አይመርጥም ወንድሜ፣ ያን የሚያደርጉት ዓቃቤ ሕግና ዳኛ ናቸው። የእሱ ሥራ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ ነው። እንዲያውም አንቀጹን አስቦ የሚተረጉም አደገኛ ነው።

ታቦር፦
ቃሉ የሚያመጣውን ሳያውቅ እንዴት ይጠነቀቃል? የሕግ ቃላት ሥልጠና ሳይወስድ ችሎት መግባት የለበትም። በዚህ አልስማማም።

መናኸሪያ፦
ሁለታችሁም ወደ ሌላ ጉዳይ ወሰዳችሁት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ኅዳር 2008 ዩኔስኮ ሲመዘገብ የማስመዝገቢያው ሰነድ በራሱ አልተጻፈም። ቅጹ 10 ፎቶ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የተቀናበረ ቪዲዮ፣ የማኅበረሰቡን የፈቃድ ማስረጃ ይጠይቃል። አያንቶዎቹ፣ ኮከብ ቆጣሪዎቹ ማለት ነው፣ የበዓሉን ቀን እንዴት እንደሚያወጡ ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ በቃሉ ልክ መጻፍ ሙያ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል።

አሞራ ገደል፦
ያስፈልጋል እና መደብ አለ አንድ አይደሉም። እስካሁን የነገራችሁኝ ሁሉ የሚያስፈልግ ሥራ ነው፤ አስተርጓሚም፣ መረጃ ሰብሳቢም፣ የቅርስ ባለሙያም። እቀበላለሁ። ቋሚ መደብ፣ ደረጃና ደመወዝ ተጽፎበት፣ ዜሮ ዓመት ልምድ ብሎ የወጣ አሳዩኝና «መጨረሻው» የሚለውን ዛሬ ማታ አጠፋለሁ።

የአቶቴዋ፦
መደብ አለመኖሩ የልጁ ጥፋት ነው ወይስ መደብ የሚከፍተው አካል? አንተ ግን የጻፍከው ለወላጅ ነው። መደብ ለሚከፍተው ጻፍለት።

አሞራ ገደል፦
ወላጁ ነው ብር የሚከፍለው።

ጋሽ መምህር፦
ምዝገባው ሳያልቅ የመደብ ማስታወቂያ ያላችሁ እዚህ ለጥፉ። ዓምዱ በደንብ ይነበብ ዘንድ ፎቶውን አቅርባችሁ አንሱት።