ፍሪቢኤስዲ ላይ ፍላሽ ያለ ሩት ማውንት ማድረግ፦ ለእኔ ይሰራል ለእህቴ እምቢ ይላል

ሰላም ለሁላችሁ፣ ፍሪቢኤስዲ 14 (እንደ ሊኑክስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የጫንኩበት አንድ ዴስክቶፕ አለን፣ እኔ እህቴና ወንድሜ የየራሳችን አካውንት አለን። ፍላሽ በሰኩ ቁጥር ማውንት እንዳደርግላቸው (ከአንድ ፎልደር ጋር አያይዤ እንድከፍትላቸው) እኔን ነው የሚጠሩት፣ የሩት (ሙሉ ስልጣን ያለው አካውንት) ፓስወርድ ደግሞ መስጠት አልፈልግም፣ ፋይል ለመቅዳት ብሎ ሙሉ ማሽኑን ማስረከብ ልክ አይመስለኝም።

እስካሁን ሲስሲቲኤል ኮንፍ የሚባለው የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ቪኤፍኤስ ዩዘርማውንትን (ሩት ያልሆነ ሰው ማውንት እንዲያደርግ የሚፈቅደውን) 1 አድርጌያለሁ፣ ዴቭኤፍኤስ ሩልስ (የዲቫይሶችን ፈቃድ የሚወስነው ፋይል) ላይ ደግሞ ስማቸው በዲኤ ለሚጀምሩ ዲቫይሶች፣ ፍላሾቹ የሚመጡበት ስም ነው፣ ሞድ 0660 (ኦውነሩና ግሩፑ ማንበብና መጻፍ እንዲችሉ) ሰጥቼ አዲስ ግሩፕ መደብኩላቸው፣ ሩልሴቱን ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው አርሲ ኮንፍ ላይ አስገብቻለሁ፣ ሶስታችንም ግሩፑ ውስጥ ነን። ሲስተሙ ላይ ቀድሞ ያለውን ኦፐሬተር ግሩፕን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ እዛ ያለ ሰው የዋናውን ዲስክ ጥሬ ዳታ ማንበብም ማሽኑን ማጥፋትም ስለሚችል።

አሁን ኤምኤንቲ ስር ፍላሽ የሚል ፎልደር ፈጥሬ ኦውነሩን ራሴን አድርጌ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ በማውንት ኤምኤስዶስኤፍኤስ ኮማንድ ሳስገባ ያለምንም ችግር ይከፈታል። እህቴ በራሷ አካውንት ያንኑ ኮማንድ ስትጽፍ ግን «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» (አልተፈቀደም) ይላታል። ፎልደሩን 777 (ለሁሉም ሰው ክፍት) አደረግኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ቾውን በሚባለው ኮማንድ ኦውነሩን ወደ እሷ ሳዞረው ለእሷ ሰራ ለእኔ እምቢ አለ፣ ስለዚህ ፐርሚሽኑን ሳይሆን ኦውነሩን ነው የሚያየው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ስታገል ዋልኩ።

ሶስታችንም የምንጠቀምበት አንድ የጋራ ማውንት ፖይንት (ፍላሹ የሚከፈትበት ፎልደር) የሚሆንበት መንገድ አለ ወይስ ለእያንዳንዳችን ሆም ፎልደር ውስጥ ለየብቻ መፍጠር ግዴታ ነው?