ከአቢስኮ ያመጣኋት ማይት ስም አልገኝላት አለ

ሰላም ወገኖች፣ የአፈር ማይት (ከሸረሪት ወገን የሆነች በጣም ትንሽ ፍጥረት) የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ከሰሜን ስዊድን፣ ከአቢስኮ፣ የበርች ዛፍ ሥር አፈር አምጥቼ ነበር። ከላይ አምፖል አብርቼ አፈሩን ሳደርቀው ማይቶቹ እየሸሹ ከሥር ያለው አልኮል ውስጥ ወረዱልኝ። እስከዚህ ቀላል ነው። ኦሪባቲድ (ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው የማይት ወገን) መሆናቸውንም ለይቻለሁ።

አንዷ ግን አስቸገረችኝ። 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ጥቁር ቡናማ፣ ሴንሲለስ የሚባለው የስሜት ፀጉሯ ጫፉ እንደ ዱላ ያበጠ። ቴክቶሴፊየስ ቬላተስ የምትባለው ዝርያ ትመስለኛለች። ሰውነቷን የሸፈነው ሰም መሰል ነገር ግን የጀርባዋን ፀጉሮች ደብቆብኛል። እንድትጠራልኝ ብዬ ላክቲክ አሲድ ውስጥ ሁለት ቀን ባቆያትም ጠብ ያለ ነገር የለም። ላሙቃት ይሆን? እንዳትበላሽብኝ ፈራሁ፤ ያለችኝ እሷው ብቻ ናት።

ደግሞ ገርጣ ያሉ ትንንሾች አሉ። ያላደጉ ልጆቿ ይሁኑ ሌላ ዝርያ በምን ልለይ?