ኮሊ ቡችላ ለጠባብ ግቢና ለሁለት ልጆች ትሆናለች?

ጥያቄ፦ የቀበናዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ሰፈር ነው። ግቢያችን አንዲት መኪና ከቆመች ልጆች ኳስ መጫወቻ የሚያጡበት ዓይነት ነው። ልጆቼ የ9 እና የ5 ዓመት ናቸው። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን፤ ቀን ቀን እናቴና የቤት ሠራተኛችን አሉ።

የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ከነቤተሰቡ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ውሾቹን ለሰው እየሰጠ ነው። ዝርያቸው ኮሊ ነው፤ ያ አፍንጫው ረጅም፣ አንገቱ ላይ እንደ አንበሳ ጋማ ያለው፣ በድሮ ፊልም የምናውቀው። ለእኛ የታሰበችው የ9 ሳምንት ሴት ቡችላ ናት። ግራጫ ሆና ጥቁር ጥቁር ጣል ጣል ያለባት፣ አንድ ዓይኗ ሰማያዊ። ልጆቹ ስም አውጥተውላታል። እኔ ግን ገና እሺ አላልኩም።

ለልጅ ትሆናለች? ያ ሁሉ ፀጉር በክረምት ጭቃ ምን ይሆናል? ሌባስ ትጠብቃለች? የእናቴ አቋም ግልጽ ነው፦ «ውሻ ሳሎን ከገባ እኔ እወጣለሁ» ብላለች። ከዚህ በፊት የነበረን የሐበሻ ውሻ በር ላይ ታስሮ፣ ትርፍራፊ እየበላ 11 ዓመት ኖሯል፤ ሐኪም ዘንድ አንድ ቀን እንኳን አልሄደም። በዚያ ልምድ ኮሊ ማሳደግ የሚቻል አይመስለኝምና የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ሁለት ኮሊ ያሳደገ

እህቴ፣ ስለ ልጆቹ አትስጊ። ከማውቃቸው ውሾች ሁሉ ልጅን የሚታገሥ እንደ ኮሊ አላየሁም። ነገር ግን ዝርያው በስኮትላንድ ደጋ በግ ሲነዳ የኖረ ነው፤ በግ ሲያጣ ልጆቹን ይነዳል። የ5 ዓመቱ ልጅሽ ሲሮጥ ዙሪያውን እየተሽከረከረች ተረከዙን ልትነካካ ትችላለች። ንክሻ አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ቢሆንም በቡችላነቷ ካልታረመ ልጁን ትጥለዋለች። እርማቱ ደግሞ በጩኸት አይሁን፤ በዱላማ ጭራሽ። ኮሊ ሆደ ባሻ ነው። አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ውሻዬን በጋዜጣ መታሁት፤ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ባለሁበት ክፍል አልገባም አለ። እኔም ተምሬበታለሁ።

ሌባን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ትጮኻለች፤ ያውም ብዙ። በሩ ሲንኳኳ፣ ድመት አጥር ላይ ስትወጣ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ስትስቅ ሁሉ ትጮኻለች። ሌባው ገብቶ ራሷን ቢደባብሳት ግን ጅራቷን ትቆላለታለች። ዘበኛ ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ።

ስታድግ ከ23 እስከ 29 ኪሎ ትመዝናለች፤ ወንዱ እስከ 34 ይደርሳል። ከ12 እስከ 14 ዓመት ትኖራለች፤ ማለትም ትንሹ ልጅሽ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ እሷ ገና ቤት ውስጥ ናት ማለት ነው። ይህን አስቢበት።

መልስ፦ የካዛንቺሱ ሽማግሌ

ልጄ፣ እኔ የምልሽ የሐበሻ ቡችላ ውሰጂ ነው። ፀጉሩ አጭር፣ ሆዱ ጠንካራ፣ አገሩን የለመደ። የፈረንጅ ውሻ ማሳደግ ሌላ ልጅ መውለድ ነው። ደግሞ ቀበና ወንዝ ዳር ጅብ ሌሊት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ያለችው ለስላሳ ውሻ ውጭ ብታድር ምን ይውጣታል?

መልስ፦ ሁለት ኮሊ ያሳደገ

ጋሼ፣ በመጨረሻው ነገር ተስማምተናል። ኮሊ ውጭ አታድርም፣ በሰንሰለትም አትታሰርም። ይሁን እንጂ ከጅቡም ይልቅ የሚጎዳት ብቸኝነት ነው። ሰው በሌለበት ግቢ የተተወች ኮሊ ቀኑን ሙሉ ስትጮኽ ውላ ጎረቤት ታጣላለች። የጠያቂዋ እናት ቀን ቤት መኖራቸው ለዚህ ትልቅ ነገር ነው፤ ውሻን ባይወዱም እንኳን።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህን ካልሰማችሁ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

በአገራችን ውሻ እከክ ሲይዘው ወይም መዥገር ሲበዛበት ብዙ ጊዜ የሚወጋው አይቨርሜክቲን ነው፤ ለከብትና ለበግ የሚሰጠው ያው መርፌ። ለአብዛኞቹ ውሾች በልኩ ከተሰጠ ጉዳት የለውም። ኮሊን ግን ሊገድል ይችላል። ምክንያቱ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት ነው። አንጎል በር ላይ መድኃኒትን «ተመለስ» የሚል ዘበኛ አለ እንበል፤ በብዙ ኮሊዎች ይህ ዘበኛ የለም። ኤም ዲ አር 1 የተባለው ይህ የዘረመል ጉድለት የታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ በተደረጉ ምርመራዎች ከ10 ኮሊዎች 7 ያህሉ ጉድለቱን ከአንድ ወይም ከሁለቱም ወላጆቻቸው ወርሰው ተገኝተዋል። ለእከክ በሚሰጠው መጠን የተወጋ እንዲህ ያለ ውሻ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ማየት ያቆማል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ተኝቶ እየታገዘ እስኪወጣለት መጠበቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የክትባት ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኮሊ ናት፣ አይቨርሜክቲን አይሰጣት» ብለሽ ጻፊ። ወደ ሐኪም የሚወስዳት የቤት ሠራተኛሽ ወይም ባለቤትሽ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ይናገርላቸው። ለመዥገርና ለቁንጫ ፊፕሮኒል ይሆናታል። ለእከክ ፍሉራላነር የሚባለው ክኒን አለ። የሰው መድኃኒት ቤት የሚሸጠው የተቅማጥ ክኒን፣ ሎፔራማይድ፣ ለእሷ ያው መርዝ ነው። ለቀዶ ሕክምና ስትገባም ለሐኪሙ ንገሪው፤ አሴፕሮማዚን የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት መጠኑ መቀነስ አለበት።

ሌላም አለ። ለበዓል በግ ገዝታችሁ ግቢ ታስሩ ይሆናል። በጉ ቀደም ብሎ አይቨርሜክቲን ተወግቶ ከሆነ መድኃኒቱ በፋንድያው ይወጣል፤ ውሻ ደግሞ ፋንድያ ይበላል። በጉ ባለበት ሰሞን እሷን አርቁ።

ጥያቄ፦ የቀበናዋ እናት

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አስደንግጠውኛል። የቀድሞው ውሻችን እከክ ይዞት አንድ ሰው ግቢ ድረስ መጥቶ የወጋው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ቡችላዋ ጉድለቱ እንዳለባት በምን አውቃለሁ? ደግሞስ አንዱ ዓይኗ ሰማያዊ መሆኑ በሽታ ነው?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

የሚታወቀው በዘረመል ምርመራ ነው፤ ከጉንጭ በጥጥ ተወስዶ ውጭ አገር ይላካል። ባለቤቶቹ ወላጆቿን አስመርምረው ከሆነ ወረቀቱን ጠይቂ። ከሌለ «አለባት» ብለሽ ያዢ፤ ምንም አይጎድልብሽም።

ሰማያዊ ዓይን ከዚያ ግራጫ ቀለም ጋር የሚመጣ ነው፤ ብቻውን በሽታ አይደለም። መጠየቅ ያለብሽ የወላጆቿን ቀለም ነው። ሁለቱም ግራጫ ከሆኑ ከአራት ቡችላ አንዱ ቀለሙን ከሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድል አለው፤ እንዲህ ያለው አብዛኛው ሰውነቱ ነጭ ሆኖ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሊሆን ይችላል። ስታያት ከኋላዋ ቁልፍ ጣይ። ዞር ካላለች ደግመሽ ሞክሪ።

ኮሊ በዘር የሚወርሰው የዓይን ችግርም አለው። ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፣ እያየ ይኖራል፤ ከባዱ ግን የዓይንን የውስጥ ሽፋን እስከ መገንጠል ይደርሳል። ለመመርመር ጥሩው ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀላሉ ምልክት ይሸፈናል። የእሷ 9 ሆኗልና አትዘግዪ።

መልስ፦ ፀጉር አበጣሪዋ

እኔ ስለ ጭቃው ልመልስ። ለአየሩ አትጨነቂ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮሊም የብርድና የዝናብ ልጅ ነው። ላይኛው ፀጉር ሻካራ ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ ይረግፋል። ችግሩ ከሥር ያለው ጥጥ የመሰለው ፀጉር ነው። እሱ ርሶ ካደረ ቆዳዋ ይቆስላል፤ ይሸታልም፣ ያኔ ከእናትሽ ጋር የባሰውን ትጣያለሽ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከእግር ጉዞ ስትመለስ ሆዷንና እግሯን በአሮጌ ፎጣ አድርቂ። በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ሰዓት ማበጠር ይበቃል፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥርና ከኋላ ጭኗ ላይ ያለው ቶሎ ይቋጠራልና ከዚያ ጀምሪ። በዓመት አንዴም ሁለቴም ፀጉሯን ስታራግፍ በየቀኑ ነው። ያን ጊዜ ጥቁር ነጠላ ወይም ካፖርት አትልበሺ።

ሞቃት ነው ብለሽ በመቀስ አታስላጫት። ፀጉሩ ከፀሐይም ይከላከልላታል።

መልስ፦ የልኳንዳ ጎረቤት

ስለ ምግብ ማንም አላነሳም። የለመድነው የወጥ ትርፍራፊ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው፤ ሁለቱም የውሻን ደም ይጎዳሉ። እንጀራው ብቻውን አይጎዳም። ከልኳንዳ በርካሽ የሚሰጣችሁን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ፤ ውኃ የቋጠረ ዕጢ ያለበት ከሆነ ውሻዋ ውስጥ ኮሶ ትል ይሆናል፣ ከእሷ ዓይነ ምድር ደግሞ እንቁላሉ ወደ ልጆቹ እጅ ይመጣል። ሰው ጉበት ውስጥ ሲያድግ ኦፕራሲዮን እስከ ማስፈለግ ይደርሳል። በደንብ ቀቅሉት፤ በየሦስት ወሩም ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ መድኃኒት ይሰጣት፤ ይህ ለኮሊም ይሆናል። የተቀቀለ አጥንት ግን አይሁን፣ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

የሁዳዴን 55 ቀን ከአሁኑ አስቡ። አብዛኛው ልኳንዳ ሲዘጋ፣ እናትሽም በጾም ሥጋ አይቀቀልብኝ ሲሉ፣ ውሻዋ አብራ አትጾምም። እኛ ቤት በቅበላው ሰሞን ቀቅለን በየቀኑ ልክ እያሸግን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ሲያልቅ የፋብሪካ ደረቅ ምግብ እንገዛለን።

መልስ፦ ሁለት ኮሊ ያሳደገ

አንድ ነገር ረሳሁ፤ ድምፅ። ኮሊ ጆሮዋ ስስ ነው። በቡሄ የጅራፉ ጩኸትና የሆያ ሆዬ ልጆች በር ላይ ሲሰበሰቡ፣ በደመራ ምሽትና በአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ የኔዋ አልጋ ሥር ነበር የምትገባው። በእነዚያ ቀናት በሩ ተቆልፎ፣ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ትሁን። ደንግጣ ከግቢ ብትወጣ በዚያ መኪና መካከል አታገኟትም።

እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ ቡችላዋን ብቻ ነው የሚሰጧችሁ? እናቷስ?

ጥያቄ፦ የቀበናዋ እናት

ቅዳሜ ሄደን አየን። ቁልፍ ጣልኩ፤ ዞር አለች። አባቷ ግራጫ ነው፣ እናቷ ግን ቡናማና ነጭ ናት። የዘረመል ወረቀት የላቸውም።

ስለ እናቷ የተጠየቅሁትን ጠየቅሁ። 4 ዓመቷ ነው፣ ክትባቷ ሙሉ ነው፣ ወሳጅ ግን አልተገኘላትም፤ ሁሉም ቡችላ ነው የሚፈልገው። ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ስንጫወት ትንሹ ልጄ እግር ሥር ተኝታ ቆየች። ሮጦ ሲወጣ ተከተለችው፣ ተረከዙን ግን አልነካችም። ባለቤቴ ወደሷ እያደላ ነው። ልጆቹ ግን ለቡችላዋ ስም አውጥተዋል፣ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ሁለት ኮሊ ያሳደገ

ስሙን ለእናቷ ስጧት፤ በሁለት ሳምንት ትለምደዋለች። እኔ ብሆን ሳላመነታ ትልቋን ነበር የምወስደው። ቀን ሁለታችሁም በማትኖሩበት ቤት የ9 ሳምንት ቡችላ ማለት በየሁለት ሰዓቱ ሽንት፣ የተቀደደ ጫማና የምትማረር ሠራተኛ ማለት ነው። ትልቋ የት እንደሚሸና ታውቃለች። ቡችላዋ ወሳጅ አታጣም። እዚያ ቤት እስካላችሁ ድረስ የጠዋት መንገዷንም ጠይቁ፤ በቀን በድምሩ አንድ ሰዓት ያህል መራመድ አለባት። የጎዳና ውሾች ተሰብስበው ሳይነሱ ጎህ ሲቀድ መውጣት ይሻላል፣ በገመድ።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

እስማማለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ መቼ እንደሆነ በካርዱ ላይ ቀኑን እዪ፤ ዓመት ካለፈው ቤት ከመግባቷ በፊት ይደገም። በተለይ ከጎዳና ውሾች ጋር ለሚገናኝ ውሻ ይህ አይታለፍም። ልጆቹንም አስተምሪያቸው፦ ማንኛውም ውሻ ቢነክሳቸው ወይም ቢቧጭራቸው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥበው፣ ደብቀው ሳይሆን ነግረውሽ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የምትበላውን ምግብ ለመጀመሪያው ሳምንት ከነሱ ቤት ይዘሽ ነይ፤ ከዚያ በኋላ ከአንቺ ቤት ምግብ ጋር እየቀላቀልሽ ለውጪ። ቤትም ምግብም በአንድ ቀን ሲቀየር ያስቀምጣታል፤ ያን ጊዜ ማንም ያንን የሰው ክኒን እንዳይሰጣት።

ጥያቄ፦ የቀበናዋ እናት

እሑድ እናመጣታለን። ከእናቴ ጋር በብዙ ድርድር ተስማምተናል፦ ሳሎን አትገባም፣ ማደሪያዋ የወጥ ቤቱ መተላለፊያ ነው፣ በመካከሉ የእንጨት በር ባለቤቴ ይሠራል። የፀጉር አበጣሪዋ፣ የምን ዓይነት ብሩሽ ልግዛ?

መልስ፦ ፀጉር አበጣሪዋ

ሁለት ያስፈልግሻል። አንዱ ረጃጅም የብረት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ፣ ጥርሶቹ ራቅ ራቅ ያሉ፣ ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ። ሌላው መርፌ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ብሩሽ። ባለቤቶቹ አገር ለቀው ስለሚሄዱ ከመግዛትሽ በፊት የነሱን ጠይቂ፤ ሽታውንም ስለምታውቀው ዝም ብላ ትበጠርልሻለች።