መረግድ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ሳንባዬ ነው ወይስ የጎንደር አየር?

የመተማው ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከከበሮና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የሚቀርብበት ትምህርት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት መተማ ነው፤ ጎንደር የመጣሁት ለትምህርት ነው። ያለ ከበሮ በሚዜመው ቁም ዜማ ላይ ምንም አልልም፣ ድምፄም ደህና ነው ይሉኛል። ችግሩ የሚጀምረው ከበሮና እንቅስቃሴ በሚገባበት ክፍል፣ መረግድ ላይ ነው። ከበሮው ሲጠብቅ፣ ሰውነቴ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሐረጉ ሳያልቅ ትንፋሼ ያልቃል። ይበልጥ በሚፈጥነው በጽፋት ላይማ ጭራሽ ቃሉን ከመሀል ቆርጬ አየር እስባለሁ። ከጎኔ የሚቆመው ባልንጀራዬ በቁመትም በውፍረትም ከእኔ ያንሳል፤ እሱ ግን ያንኑ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ይዘልቀዋል።

የኔታ «ከደረትህ አትጩህ፣ ከሆድህ አውጣው» ይሉኛል። ዕድሜያቸው ገፍቶም ትንፋሻቸው አይቆረጥም፤ ስለዚህ የሚሉትን አምናለሁ። ግን ሳንባ ያለው ደረት ውስጥ አይደል? አየር ሆድ ውስጥ አይገባ፤ ታዲያ ከሆድ የማወጣው ምኑን ነው? ጠየቅኳቸው፤ «ስትደርስበት ታውቀዋለህ» አሉኝ።

አንድ ዘመዴ ደግሞ «የቆላ ልጅ ሳንባው ትንሽ ነው፣ የደጋ አየር አይበቃውም» ብሎ አስፈራርቶኛል። እውነት ከሆነ ልወቀው። ሳል የለብኝም፣ አላጨስም፣ ሌላ ጊዜ ስሮጥም ደህና ነኝ። የሰውነትን አሠራር የምታውቁ እባካችሁ ከሥሩ አስረዱኝ።

መምህር ከአዘዞ

ወንድሜ፣ የኔታ ያሉህ ትክክል ነው፤ ያንተም ጥያቄ ትክክል ነው። አዘዞ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እዚህ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከሥጋ ቤት የበግ ሳንባ ከነቧንቧው አስቀርቼ ነው ክፍል የምገባው፤ ሥዕል ብቻ ያየ ተማሪ ሳንባን ባዶ ከረጢት አድርጎ ነውና የሚያስበው። ቧንቧውን በጣት ስትዳብሰው ቀለበት ቀለበት ይላል። ጆሯችን ላይ ያለው ዓይነት ካርቲሌጅ ነው፤ አየር ስንስብ ቧንቧው ተጣብቆ እንዳይዘጋ ገትሮ ይይዘዋል። ጣትህን ወደ ኋላ ካዞርከው ግን ቀለበቱ አይገጥምም፣ ለስላሳ ነው። የምግብ ቧንቧ የሚያልፈው እዚያ በኩል ስለሆነ ጉርሻ ሲወርድ ቦታ ይለቅለታል። የሰውም እንዲሁ ነው፤ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር፣ ቀለበቶቹ ከ16 እስከ 20። (በበግ ላይ ከዋናው መከፋፈያ ከፍ ብላ ወደ ቀኝ የምትገባ አንዲት ተጨማሪ ቅርንጫፍ አለች፤ በሰው የለችም። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ይቺስ?» ስለሚሉኝ ነው የጠቀስኳት።)

ከዚያ ሳንባውን በብስክሌት መንፊያ እነፋዋለሁ። በአፍ አይነፋም፣ ጀርም አለበት። ጠቆር ያለው ሥጋ ቀስ በቀስ እየፈዘዘ ወደ ሮዝ ይለወጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ያብጣል። መንፊያውን ስነቅለው ደግሞ ማንም ሳይጫነው፣ በራሱ፣ ሽው ብሎ ይኮማተራል። ይህችን ያዝልኝ፤ የጥያቄህ ግማሽ መልስ እሷ ናት።

ሳንባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። አየር የሚያስገቡለት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ዋናው ድያፍራም ነው፤ ደረትንና ሆድን የሚለያይ፣ ወደ ላይ የጎበጠ ስስ ጡንቻ። ሲኮማተር ጉብጠቱ ዝቅ ይላል፣ ጨጓራን፣ ጉበትንና አንጀትን ወደ ታች ይጫናል፣ እነሱም መሄጃ ሲያጡ ሆድህን ወደ ፊት ይገፉታል። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም ደረትህን ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፍቱታል። ደረት ሲሰፋ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ አየርም በአፍንጫህ ይገባል። ስለዚህ የሆድህ መነፋት አየር ሆድ ስለገባ አይደለም፣ ድያፍራም በደንብ ስለወረደ ነው። የኔታ የሚያዩት ይህን ነው። ትከሻህ ከፍ እያለ ሆድህ ካልተንቀሳቀሰ፣ የላይኛውን ደረት ብቻ ሞልተህ ነው የምትጀምረው።

አሁን ወደ ማዜሙ። ድምፅ የሚወጣው አየር ሲወጣ ነው። ማንቁርትህ ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ እጥፋቶች ተጠጋግተው አየሩ ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ፤ በወንድ ዝቅ ያለ ድምፅ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ። ሳንባህን ሞልተህ ስትጀምር ያ የነገርኩህ የመኮማተር ኃይል አየሩን በአንዴ ሊያስወጣው ይታገላል። ያልሠለጠነ ሰው ይለቀዋል፤ የመጀመሪያው ቃል ጎልቶ ይወጣል፣ የሐረጉ መጨረሻ ደግሞ ባዶ ይሆናል። የሠለጠነው ግን አየር የሚያስገቡትን ጡንቻዎች እየዘመረም ቢሆን አይፈታቸውም። ቁልቁለት ላይ አህያ የሚነዳ ሰው ጭነቱ እንዳይንደረደር ከኋላ እንደሚይዘው፣ እነሱም ሳንባውን ይዘው በልክ በልክ ነው የሚለቁት። ወደ መጨረሻው፣ ሳንባው ዝም ብለህ ስትተነፍስ ከሚያርፍበት መጠን በታች ሲደርስ፣ ተራው የሆድ ጡንቻዎች ነው፤ ሆድ ወደ ውስጥ ገብቶ ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋዋል። «ከሆድህ አውጣው» ማለት በሰውነት ቋንቋ ይኸው ነው።

ባልንጀራህ ትልቅ ሳንባ ኖሮት አይደለም። እንዲያውም አንተ ረጅም ከሆንክ የሳንባህ መጠን ሳይበልጥ አይቀርም። የአንድ አዋቂ ወንድ ሳንባ እስከ 6 ሊትር ይይዛል፤ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ስትተነፍስ ግን በአንዴ የምትወስደው ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ለደም ሳይደርስ ይመለሳል። የቱንም ያህል አየር ብታስወጣ ደግሞ ከ1 ሊትር በላይ አየር ውስጥህ ይቀራል። ልምምድ መጠኑን ብዙም አይጨምርልህም፤ የሚለውጠው ጡንቻውንና አለቃቀቁን ነው።

መረግድ ላይ ለምን እንደሚብስህም ልንገርህ። አየር ቧንቧው ሃያ ሦስት ጊዜ ያህል እየተከፈለ ሄዶ መጨረሻው ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው ከአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ ተዘርግቶ ቢለካ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደም በከረጢቱ ጎን የሚያልፈው ለአንድ ሰከንድ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኦክሲጅን ይቀበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስረክባል። ስታሸበሽብ እግርህም ትከሻህም ይሠራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል። «ተንፍስ!» ብሎ የሚያስጨንቅህ በዋናነት እሱ ነው፤ ኦክሲጅንህ ገና አላለቀም፣ የምታስወጣው አየር ውስጥ እንኳ 16 በመቶው ኦክሲጅን ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ቶሎ ቶሎ ተንፍሼ ልሙላ እንዳትል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከልክ በታች ይወርድና የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ያዞርሃል፤ ሌሊቱን በመቋሚያ ቆሞ ለሚያድር ሰው ይህ አደጋ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። በጀርባህ ተኛ፣ እጅህን እምብርትህ ላይ አድርግ፣ እጅህ ከፍ እስኪል በአፍንጫ ሳብ፣ ከዚያ በጥርስህ መካከል «ስስስ» እያልክ ድምፁ ሳይደክምም ሳይበረታም ልቀቀው። ሲለምድህ ቆመህ፣ ከዚያ እየተራመድክ። ዜማውን ከዚያ በኋላ ጨምርበት።

ደባርቅ ነኝ

መምህር ስለ ቆላ ልጅ ያላነሱትን ልጨምር። እኔ እንግዶችን ወደ ሰሜን ተራሮች ይዤ እወጣለሁ። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው፣ ጎንደር ደግሞ 2,100 ገደማ። ኦክሲጅን ሁለቱም ቦታ ከአየሩ 21 በመቶ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው፤ ጎንደር ላይ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሰማህ ይችላል፤ አንገት ላይ ያሉ የደም ኦክሲጅን መቆጣጠሪያዎች አተነፋፈስህን ወዲያው ያፈጥኑታል፣ ቀይ የደም ሴልም በሳምንታት ውስጥ ይጨምራል። ከቆየህ በኋላ ግን ጎንደር ማንንም ጤነኛ ሰው አያስቸግርም። ሳንባው ትንሽ ነው የተባለውን ከልብህ አውጣው።

እኛ ዘንድ የሚደንቀው ሌላ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለክቶ ነበር። በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢን የሚባለውም፣ የተሸከመው ኦክሲጅንም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም፤ ከሄሞግሎቢናቸው በአማካይ 95 በመቶው ኦክሲጅን ይዟል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል፣ የቲቤቶቹ ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ያንሳል፤ የኛዎቹ ከሁለቱም አይደሉም። ሳንቃ በር ላይ የሚያለከልክ እንግዳ አጠገብ ገብስ ተሸክመው እያወሩ የሚያልፉ እናቶችን ሳይ ያ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ነርስ ማራኪ

ልጄ፣ ሳል የለብኝም ማለትህ ጥሩ ነው። ግን ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሌሊት ካላበህ፣ ክብደት ከቀነስክ፣ ወይም ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ አክታ መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳም አስምም ሕክምና አላቸው። ዕጣን የሚጤስበት ቤት ውስጥ ደረትህ የሚጠብቅ ከሆነም ለሐኪሙ ተናገር።

መምህር ስለ ቧንቧው ካነሱ እኔም አንድ ነገር ልናገር፣ በየጊዜው ስለሚያሳዝነኝ። ስንውጥ በማንቁርት ላይ ያለች ክዳን ወደ ታች ታጥፋ የአየሩን መንገድ ትሸፍናለች። እየሳቀ ወይም እየሮጠ የሚበላ ሕፃን ግን በመሀል አየር ሲስብ ትን ይለዋል። የቀኙ የሳንባ ቅርንጫፍ ከግራው ሰፋ ያለና ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ ቆሎውም ሽምብራውም ብዙ ጊዜ የሚገባው ወደዚያ ነው። ሳሉ ጋብ ሲል እናት «ወጣለት» ትላለች፤ ከሳምንት በኋላ ልጁ በትኩሳት ይመጣል፣ በማዳመጫ ስሰማው በአንድ ወገን አየር አይገባም። እባካችሁ ለትንንሽ ልጆች ቆሎ አትስጡ። ትን ብሎት ድምፁ ከጠፋና ማሳል ካቃተው፣ ወደ ፊት አዘንብላችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ዓመት ላለፈው ልጅ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ። ዓመት ያልሞላውን ሆዱን አትጫኑ፤ የሚጫነው ደረቱ ነው። ጣት አፍ ውስጥ ከትቶ በጭፍን መፈለግ ይበልጥ ያስገባዋል።

መሪጌታ ዘቀበሌ

ልጄ፣ ሁለት ወገን ሆነን የምንቀባበለው አንዱ ሲያዜም ሌላው እንዲያርፍ ጭምር ነው። ተራህ ሳይሆን አብረህ አታንጎራጉር፤ አፍህን ዘግተህ በአፍንጫህ ሳብ። የሌሊቱ ብርድ በአፍ ሲገባ ጉሮሮ ያደርቃል፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን ሞቆና ረጥቦ ይደርሳል። ትንፋሽ የሚወሰድበትንም ቦታ ከዜማው ምልክት ጋር አጥና፤ ሲጨንቅህ ከምትፈልገው አስቀድመህ ብታውቀው ይሻላል።

የመተማው ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እጄን እምብርቴ ላይ አድርጌ ሞከርኩት፤ ሆዴ ጨርሶ አይንቀሳቀስም፣ ትከሻዬ ነው የሚነሣው። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ጾም በሌለበት ቀን በልቼ ስገባ ይብስብኛል። ይገናኛል ወይስ መስሎኝ ነው?

መምህር ከአዘዞ

ይገናኛል። ጨጓራ ከድያፍራም ሥር፣ በግራ በኩል ነው ያለው። ሲሞላ ድያፍራም የሚወርድበትን ቦታ ይይዝበታል፣ አንተም ወደ ትከሻህ ትመለሳለህ። ቀበቶም ጠበቅ ካለ ያው ነው። ከማኅሌት በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብለህ፣ ጥቂት ብላ፤ ውኃ ግን አትከልክል፣ ጾም ካልሆነ። መታጠቂያህን ከእምብርትህ ዝቅ አድርገህ እሰር፤ ልምምዱንም ጠዋት ከቁርስ በፊት አድርገው።