ስለ ኪሎ ማሰብ ሲቀንስ በምን ልሙላው?

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ ከአመጋገብ ችግር እያገገምኩ ነው፣ መብላቱስ ደህና ነው ግን ድሮ ቀኔ ስለ ምግብና ኪሎ ሳስብ ነበር የሚያልቀው፣ አሁን ያ ሲቀንስ ምን እንደምወድ እንኳ ጠፋኝ። እናንተስ?

መልስ፦ እህቴ ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ በተጀመረው የሚኒሶታ የረሃብ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ምግብ ሲቀነስባቸው ሌላው ሁሉ አስጠልቷቸው ወሬያቸው ምግብ ብቻ ሆነ፣ የምግብ አሰራር መጽሐፍ የሚሰበስብ ሁሉ ነበር። ፍላጎትሽን ረሃቡ ነው ያጠፋው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል።

መልስ፦ እኔ ኪሮሽ ጀመርኩ፣ የመጀመሪያው ዳንቴል ጠርዙ ተጣሞ ቁጭ ሃሃ። ታቦር ተራራ መውጣት ምናምን ግን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ፣ ስፖርት ለኛ ቢጤ ዞሮ ዞሮ ኪሎ ቆጠራ ይሆናል።

መልስ፦ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ ልንስል ነው፣ እርሳስ ይዘሽ ነይ።

ጠያቂዋ፦ ኧረ እመጣለሁ፣ ስንት ሰዓት?