ፓርኩ ውስጥ ታወር ሊተከል ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዘውትሬ የምሄድበት ብሔራዊ ፓርክ ኔትወርክ ሊያስፋፋ ነው። ከመወሰናቸው በፊት የጎብኚዎችን አስተያየት በጽሑፍ እየተቀበሉ ነው። እኔ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ባለፈው ቁልቁለቱ ላይ ጓደኛዬን እግሩን ወለም አለው። ስልኬን ከፍ አድርጌ ይዤ ግማሽ ሰዓት ዳገት ወጣሁ። አንዲት መስመር ሲግናል ብቅ ስትል ባትሪዬ 9 በመቶ ነበር። ግን ደግሞ እዚያ የምሄደው ለጸጥታው ነው። ምን ይሻላል?

ቴክኒሻኑ፦
ሥራዬ ታወር ተከላ ነው። "ይተከል" ወይም "ይቅር" ብቻ ብለህ አትጻፍ፤ የት እንደሚተከል ጠይቅ። ሲግናል ተራራ አይበሳም። ሸለቆ ውስጥ ካቆሙት ከጉብታው ጀርባ ያለ ሰው ምንም አያገኝም። ጫፍ ላይ ካወጡት ደግሞ ከየትም ይታያል። እንደ 700 ሜጋኸርዝ ያለ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ራቅ ብሎ ስለሚደርስ የታወሩን ቁጥር ይቀንሳል። ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ፦ ታወር መብራትና ብዙ ጊዜም ፋይበር (መረጃ የሚያስተላልፍ ገመድ) ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጫካውን የሚጎዳው ምሰሶው ሳይሆን ወደ እሱ የሚቆረጠው መንገድና የሚቆፈረው ቦይ ነው። ካለው ሕንፃ ላይ አንቴና መስቀል ይቻል እንደሆነ ጠይቃቸው።

ወፍ ወዳድ፦
የአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዕቅድ የስልክ አገልግሎቱን ሰው በሚበዛባቸው ጥቂት ቦታዎች ወስኖ ዱሩን ነጻ ትቶታል። እኔም የምደግፈው ይህን ነው። አደራህን ስለ ወፎቹም ጻፍ። ሌሊት የሚሰደዱ ወፎች ሳይጠፋ የሚበራ ቀይ መብራት ይስባቸዋል፤ ከዚያ ምሰሶውን ደግፈው ከያዙት ሽቦዎች ጋር ይጋጫሉ። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ምሰሶውም ያለ ሽቦ የሚቆም ይሁን።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ታወሩ እስኪመጣ እንዳትዘናጋ። ካርታውን ቤት ሆነህ አውርድ፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ስልክህ ሲግናል ፍለጋ ባትሪውን ስለሚጨርስ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው። ጥሪ እምቢ ሲልህ አጭር መልእክት ሞክር፤ በደካማ ሲግናልም ሊያልፍ ይችላል። ሩቅ የምትገባ ከሆነ በሳተላይት የሚሠራ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ያዝ። ግን ሰማዩ ገለጥ ያለበት ቦታ ላይ መቆም አለብህ፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ያስቸግራል። የምትመለስበትን ሰዓትም ለሰው ሳትናገር አትሂድ።

መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦ "ኔትወርኩ በመግቢያው በር፣ በድንኳን መትከያውና በእግር መንገዱ መነሻ ላይ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ያለው ዱር እንዳለ ይቆይ።" የመንገዱንና የወፎቹን ነገር ጨምሬ ዓርብ ሳይደርስ እልከዋለሁ።